በሙቀት የሚቆም የቤንዚን መኪና፦ የኤሌክትሪክ ነዳጅ ፓምፕና ሬጉሌተር አገጣጠም

እንደሚታወቀው በአዋሽ ሸለቆ በመስኖ ለሚያለማ ሞዴል አርሶ አደርም ሆነ ከፊል አርብቶ አደር ሥራው በማሳ ላይ አያልቅም። ምርቱ ገበያ መድረስ አለበት። ሽንኩርት ትንሽ ይታገሳል፤ ቲማቲም ግን ከተለቀመ በኋላ በአሚባራ ወይም በዱብቲ ፀሐይ መንገድ ዳር ግማሽ ቀን ከቆመ የታችኛው ሣጥን ውሃ ማንጠብጠብ ይጀምራል። ከአዋሽ እስከ አዳማ 125 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሰመራ እስከ አዋሽ ደግሞ ወደ 360 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በዚህ መንገድ ላይ የቆመ መኪና የአንድ ወቅት ድካም ይዞ ነው የሚቆመው።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ካርቡሬተር ያለው የቤንዚን መኪና ላላቸው ነው። ለምሳሌ የቆዩት የላንድክሩዘርና የሃይሉክስ ፒክአፖች፣ ፔጆ 504 እና ኮሮላ ዲኤክስ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። አይሱዙን ጨምሮ የናፍጣ መኪኖችን አይመለከትም። ኢንጀክሽን ያላቸውንም አይመለከትም። አሮጌ መኪና መተካት ቀላል ቢሆን ኖሮ ስለ ጥገናው ይህን ያህል መጻፍ ባላስፈለገ ነበር። ነገር ግን የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት አስወድዷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። ስለዚህ በእጅ ያለውን በደንብ መያዝ የግድ ነው።

ቤንዚኑ ለምን ይፈላል?

ቤንዚን እንደ ውሃ በአንድ የሙቀት መጠን ላይ አይፈላም። የብዙ ነገሮች ድብልቅ ስለሆነ ቀላሉ ክፍል ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ መፍላት ይጀምራል፤ ከባዱ ክፍል እስከ 200 ዲግሪ ድረስ ይቆያል። በሐጋይ ወራት በሰመራና በዱብቲ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይሆናል። ከአስፋልቱ የሚነሳው ሙቀትና የሞተሩ ግለት ሲጨመርበት በኮፈኑ ሥር ያለው ነዳጅ ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም።

ሁለተኛው ምክንያት ግፊት ነው። ደጋ ላይ ድንች ለመብሰል ጊዜ እንደሚወስድ ያውቃሉ። ከፍ ባለ ቦታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ቤንዚንም ግፊት ሲቀንስበት ቶሎ ይፈላል። የአሮጌ መኪና የነዳጅ ፓምፕ በሞተሩ ጎን ላይ ተቀምጦ፣ በሞተሩ ካምሻፍት እየተገፋ፣ ነዳጁን ከኋላ ከሰልባቲዮው ድረስ ይስባል። የሚስብ ፓምፕ በመሳቢያ ቱቦው ውስጥ ግፊቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ነዳጁ ሞቃት በሆነው ቱቦ ውስጥ፣ ግፊቱ በወረደበት ቦታ፣ ወደ ጋለው ፓምፕ ሲቃረብ ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። ፓምፑ ፈሳሽ እንጂ እንፋሎት መግፋት አይችልም። ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ጉልበት ያጣል፣ ይቆማል። ለግማሽ ሰዓት ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልነበረ ሆኖ ይነሳል።

ብዙ ሾፌሮች ችግሩ በሰመራ ሜዳ ላይ ሳይሆን ከመተሃራ ወደ አዳማ ሲወጡ እንደሚብስ ይናገራሉ። ልክ ናቸው። ሰመራ ከባሕር ጠለል በላይ 430 ሜትር ገደማ፣ አዋሽ ከ1,000 ሜትር በጥቂቱ ያነሰ፣ አዳማ ደግሞ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። መኪናው በቆላው የሞቀ ነዳጅ በሰልባቲዮው ይዞ፣ ጭነት ተሸክሞ፣ በዝቅተኛ ማርሽ ሽቅብ ይወጣል። ሞተሩ ይግላል፣ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ በራዲያተሩ በኩል የሚገባው ነፋስም ደካማ ነው። ሦስቱ በአንድ ላይ ሲመጡ ደካማ ፓምፕ አይቋቋማቸውም።

ኢታኖልም የራሱ ድርሻ አለው። በአገራችን በ2001 ዓ.ም. ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ በተገኘ ኢታኖል 5 በመቶ ቅልቅል ተጀምሮ ነበር፤ በኋላም ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል። እንዲህ ያለ ቅልቅል ትንሽ ቀደም ብሎ ይተናል። ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ለኢታኖል ያልተሠሩ የድሮ የጎማ ቱቦዎችንና የፓምፕ ዲያፍራሞችን ማድረቁና መሰነጣጠቁ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት መመርመር

በሙቀት የቆመ መኪና ሁሉ ፓምፕ አይፈልግም። የማያስፈልገውን ዕቃ ከሶማሌ ተራ ገዝቶ ከመገጠም በፊት ቀጥሎ ያለውን ማየት ይጠቅማል። ምርመራው መደረግ ያለበት መኪናው በቆመበት ቦታ፣ ሳይቀዘቅዝ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ ምንም አይገኝም።

መጀመሪያ የሰልባቲዮውን ክዳን ላላ ያድርጉ። አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ «እፍ» የሚል ድምፅ ከሰሙና መኪናው ከዚያ በኋላ በቀላሉ ከተነሳ ጥፋቱ የክዳኑ ነው። ክዳኑ ላይ ያለችው መተንፈሻ ቀዳዳ በአቧራ ተደፍናለች። ነዳጅ በወጣ ቁጥር አየር ስለማይገባ ፓምፑ ባዶነትን ይታገላል። ይህ በእኛ አካባቢ አቧራ በጣም የተለመደ ሲሆን ጥገናው አንድ ብር እንኳ አይጠይቅም።

ቀጥሎ የአየር ማጣሪያውን ክዳን ያንሱና ሞተሩ ሳይነሳ የነዳጅ መርገጫውን አንድ ሰው እንዲረግጥ ያድርጉ። ወደ ካርቡሬተሩ ጉሮሮ ውስጥ ቀጭን የቤንዚን ጅረት ሲረጭ ከታየ በካርቡሬተሩ ውስጥ ነዳጅ አለ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ነዳጁን ትተው ወደ ኤሌክትሪኩ ይሂዱ። የጋለ ቦቢና ልክ እንደ ነዳጅ መፍላት ያደርጋል፤ ሲግል ያቆማል፣ ሲቀዘቅዝ ይሠራል። በርካታ ሰዎች ሁለት ጊዜ ፓምፕ ቀይረው በመጨረሻ ጥፋቱ የቦቢና ሆኖ ያገኙታል። አንድ ካንዴላ ፈትተው ብልጭታውን ይመልከቱ፤ ይህን ሲያደርጉ ግን ካንዴላው ቤንዚን ከረጨው ካርቡሬተር ራቅ ብሎ ይሁን፣ የአየር ማጣሪያውም ይከደን። ጅረቱ ካልታየ ወይም አየር ብቻ ከወጣ ነዳጁ አልደረሰም፤ ያኔ ማጣሪያውን፣ ከሰልባቲዮው የሚነሳውን የጎማ ቱቦና የፓምፑን ሁኔታ ያዩታል። በመሳቢያ በኩል ያለ የተሰነጠቀ ቱቦ ነዳጅ ላያንጠባጥብ ይችላል፤ አየር ግን ይስባል።

የዘይት መለኪያውንም ያውጡና ያሽትቱት። ቤንዚን ከሸተተ ወይም ዘይቱ ሳይጨመር ከፍ ካለ የሜካኒካል ፓምፑ ዲያፍራም ተቀዶ ቤንዚን ወደ ሞተሩ ዘይት እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። መኪናው በዚህ ሁኔታ መሄድ የለበትም። የቀጠነ ዘይት ብሮንዚኑን ይበላል፤ የዘይት ቋቱ ውስጥ የተጠራቀመ የቤንዚን ትነትም እሳት ነው።

በመንገድ ላይ እርጥብ ጨርቅ በፓምፑ ላይ መጠቅለል የቆየ ዘዴ ሲሆን ለጊዜው ይሠራል፤ እንፋሎቱን መልሶ ፈሳሽ ያደርገዋል። ሲነሱ ሁሉ ጀሪካን ውሃና ጨርቅ የሚይዙ ከሆነ ግን ዘላቂውን መፍትሔ ማሰብ ጊዜው ደርሷል።

የትኛው ፓምፕ?

የኤሌክትሪክ ፓምፕ ጥቅሙ ከኋላ፣ ከሰልባቲዮው አጠገብ፣ በቀዝቃዛው ቦታ ተቀምጦ ነዳጁን መግፋቱ ነው። የሚገፋ ፓምፕ ከእሱ በኋላ ያለውን ቱቦ በሙሉ በግፊት ሥር ያደርገዋል፤ ግፊት ያለበት ነዳጅ ደግሞ በቀላሉ አይፈላም።

በገበያ ላይ የሚገኙት ሁለት ዓይነት ናቸው። የኢንጀክሽን መኪና ፓምፕ ከ2.5 እስከ 4 ባር ይገፋል። የካርቡሬተር ፓምፕ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ0.15 እስከ 0.5 ባር ነው። የመጀመሪያውን በካርቡሬተር ላይ መግጠም ከባድ ጥፋት ነው። በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ የሚያንቀሳቅሳት ትንሽ መርፌ ነዳጁ ሲሞላ ቀዳዳዋን ትዘጋለች። ይህች መርፌ የተሠራችው ለአነስተኛ ግፊት ነው። ግፊቱ ከበዛ መዝጋት ያቅታትና ቤንዚኑ ሞልቶ በጋለው የጭስ መውጫ ላይ ይፈሳል። ሻጩ «ጠንካራ ነው፣ አያስቸግርም» ቢልዎትም አይውሰዱ። በዕቃው ላይ ግፊቱ በፒ ኤስ አይ ከተጻፈ 14.5 ፒ ኤስ አይ አንድ ባር መሆኑን ይያዙ። ከ3 እስከ 6 ፒ ኤስ አይ የተጻፈበት የሚፈለገው ነው።

የፓምፑ ብዛት መስጠት ብዙም አያስጨንቅ። ጭነት የያዘ ፒክአፕ በ100 ኪሎ ሜትር 20 ሊትር ቢበላ እንኳ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የሚያስፈልገው 12 ሊትር ብቻ ነው። ትንሹ የካርቡሬተር ፓምፕ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይሰጣል። ቮልቱ 12 መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከከባድ መኪና የወጣ 24 ቮልት ፓምፕ በ12 ቮልት ደክሞ ይሠራል።

ሬጉሌተሩ በውስጡ ስፕሪንግና ዲያፍራም ያለው ሲሆን ፓምፑ የቱንም ያህል ቢገፋ ወደ ካርቡሬተሩ የሚያልፈውን ግፊት ይወስናል። የፓምፑ ግፊት በራሱ ዝቅተኛ ከሆነ ሬጉሌተር ላያስፈልግ ይችላል ይባላል። ሆኖም የባትሪው ቮልት ከፍ ሲልና መኪናው ቆሞ ነዳጅ ሳይወሰድ ሲቀር ግፊቱ ስለሚጨምር መግጠሙን እንመክራለን። ከሬጉሌተሩ ጋር ከ0 እስከ 1 ባር የሚያነብ ትንሽ ጌጅም ይግዙ። ያለ ጌጅ ሬጉሌተር ማስተካከል በግምት መዝራት ነው።

አገጣጠም

ሥራውን ማለዳ፣ ሞተሩ በቀዘቀዘበት፣ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር ይጀምሩ። አጠገብ የሚበየድ፣ የሚጨስ፣ ቡና የሚፈላበት ከሰል እንዳይኖር። ደረቅ ዱቄት ያለው የእሳት ማጥፊያ ወይም ቢያንስ አንድ ባልዲ አሸዋ ይቅረብ፤ በቤንዚን እሳት ላይ ውሃ ማፍሰስ እሳቱን ያሰራጨዋል። ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ይፍቱ። ሰልባቲዮው ነዳጅ ካለው ቀንሰው በብረት ጀሪካን ያስቀምጡ።

የፓምፑ ቦታ ከሁሉ ይበልጣል። እነዚህ ፓምፖች ለመግፋት እንጂ ለመሳብ አልተሠሩም። ስለዚህ ከሰልባቲዮው ሥር እኩል ወይም ከዚያ ዝቅ ብለው፣ ለሰልባቲዮው በጣም ቀርበው በሻሲው ላይ መታሰር አለባቸው። ከማርሚታው ተቃራኒ በኩል ይሁን። ከጎማው የሚፈናጠር ድንጋይ እንዳይመታው በላሜራ ይከለል። በፓምፑና በሻሲው መካከል የጎማ ማረፊያ ካልተደረገ ድምፁ በካቢኑ ውስጥ ሾፌሩን ያሰለቸዋል፤ ቡሎኑም በጊዜ ብዛት ይላላል። ፓምፑ ላይ ያለው ቀስት የነዳጁን አቅጣጫ ያሳያል።

ከፓምፑ በፊት ሰፊ ወንፊት ያለው ማጣሪያ ይገባል። ከአሮጌ ሰልባቲዮ የሚመጣው ዝገት የፓምፑ ዋና ጠላት ነው። ከፓምፑ በኋላ ደግሞ ረቂቅ ማጣሪያ ይደረጋል። ቅደም ተከተሉን አያቀያይሩ፤ ረቂቁ ማጣሪያ ከፊት ከሆነ ፓምፑ እንዲስብ ይገደዳል፣ ችግሩም ከሞተሩ ወደ ኋላ ተዛወረ እንጂ አልተፈታም።

ቱቦው የቤንዚን ቱቦ መሆን አለበት። በመስኖ ሥራ የምንጠቀምበት ወይም በሃርድዌር ቤት የሚገኘው ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ በዚህ ሙቀት በጥቂት ወራት ደርቆ ይሰነጠቃል። የድሮው የብረት ቱቦ ካልዛገ እሱን መጠቀም ይሻላል። የጎማ ቱቦ በየመጋጠሚያው ብቻ ይሁን፤ እያንዳንዱም ጫፍ በማሰሪያ ይጠበቅ። ላሜራ በሚሻገርበት ቦታ የጎማ ቀለበት ይግባለት። ከጭስ መውጫው አጠገብ የሚያልፍ ቱቦ ካለ ያርቁት፤ ካልተቻለ በመካከሉ ላሜራ ይከልሉ።

የሜካኒካሉን ፓምፕ ምን ማድረግ? አንዳንድ መካኒኮች በቦታው ትተው የኤሌክትሪኩን ከኋላ ይጨምራሉ። መኪናው ይሄዳል፤ ነገር ግን የድሮው ዲያፍራም የተቀደደ ዕለት የኤሌክትሪኩ ፓምፕ ቤንዚን ወደ ሞተር ዘይት በግፊት ይሞላል። ስለዚህ ይፍቱት። ቀዳዳው አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ባለው ላሜራና በጓርኒሲዮን ይዘጋ፤ አለበለዚያ ዘይት ይረጫል። በአንዳንድ ሞተሮች ፓምፑን የሚገፋ ዘንግ ስላለ እሱም ይውጣ። ፓምፑ ሦስት አፍ ከነበረው ሦስተኛው ወደ ሰልባቲዮው የሚመለስ ነው። ይህን መመለሻ አይጣሉት። ከሬጉሌተሩ በኋላ በቲ መጋጠሚያ፣ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሚሊ ሜትር በሆነ ጠባብ ቀዳዳ በኩል ያገናኙት። የሞቀው ነዳጅና እንፋሎቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ በቀዝቃዛ ነዳጅ ይተካል። ለቆላ መኪና ይህ የፓምፑን ያህል ይጠቅማል።

ሬጉሌተሩ በኮፈኑ ውስጥ፣ ለካርቡሬተሩ ቀርቦ፣ ነገር ግን በሞተሩ ላይ ሳይሆን በጎን ላሜራ ላይ ይታሰር።

ኤሌክትሪኩ

ሕይወት የሚያድነው ወይም የሚያጠፋው ክፍል ይህ ነው። ፓምፑን ከቁልፉ ጋር በቀጥታ ማገናኘት ቀላል ስለሆነ ብዙ ቦታ የሚሠራው እንደዚያ ነው። መኪናው ተጋጭቶ ቱቦ ቢበጠስና ሾፌሩ ቁልፉን ማጥፋት ባይችል ፓምፑ ሰልባቲዮው እስኪያልቅ ድረስ ቤንዚን ያፈስሳል። የጅቡቲ መንገድ የከባድ መኪና መንገድ መሆኑን ያስታውሱ።

በመሆኑም ሞተሩ ሲቆም ፓምፑን የሚያጠፋ ሪሌ ይጠቀሙ። የተሻለው ከቦቢናው የሚመጣውን የእሳት ምት እየተቀበለ የሚሠራው የነዳጅ ፓምፕ ሪሌ ነው። ቁልፉ ሲከፈት ለአንድ ለሁለት ሰኮንድ ነዳጅ ሞልቶ ይጠብቃል፣ ሞተሩ ሲዞር ይቀጥላል፣ ሲቆም ያጠፋል። እሱ ካልተገኘ ተራ አራት እግር ሪሌ በዘይት ግፊት ስዊች ማዘዝ ይቻላል። ልብ ይበሉ፤ የክሩስኮቱን የዘይት መብራት የሚያበራው ስዊች ለዚህ አይሆንም፤ እሱ ግፊት ሲጠፋ ነው የሚያገናኘው። የሚፈለገው ግፊት ሲኖር የሚያገናኝ ነው። ሞተሪኖው በሚዞርበት ጊዜም ፓምፑ እንዲሠራ ከሞተሪኖው ትእዛዝ ሌላ ገመድ ያስፈልገዋል። ከዚህ በተጨማሪ በግጭት ጊዜ የሚቋረጥ ስዊች ከተገኘ በመስመሩ ላይ ይጨመር።

በተራው ሪሌ ላይ 30 ቁጥር ከባትሪው ፖዘቲቭ በፊውዝ በኩል ይመጣል፤ 87 ወደ ፓምፑ ይሄዳል፤ 86 ትእዛዙን ይቀበላል፤ 85 ወደ ሻሲ ይታሰራል። ፊውዙ ለባትሪው ቅርብ ይሁን። ትናንሽ የካርቡሬተር ፓምፖች ጥቂት አምፒር ስለሚወስዱ ከ5 እስከ 10 አምፒር ያለ፣ ፋብሪካው የጻፈውን ፊውዝ ያድርጉ። ገመዱ ረጅም ስለሆነ ቀጭን ከሆነ ቮልቱ በመንገድ ይቀንሳል፤ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ይበቃል። የፓምፑ ኔጌቲቭ የሚታሰርበት ብረት ቀለሙ ተፍቆ ይሁን።

ማስተካከልና መሞከር

ከካርቡሬተሩ ጋር ከመገናኘቱ በፊት የቱቦውን ጫፍ በጀሪካን ውስጥ ከተው ፓምፑን ለግማሽ ደቂቃ ያሠሩት። የመጀመሪያው ነዳጅ ቆሻሻ ይዞ ይወጣል፤ ወደ ካርቡሬተሩ ባይገባ ይሻላል። ከዚያ ጌጁን ከሬጉሌተሩ በኋላ በቲ አስገብተው ሬጉሌተሩን ዝቅተኛው ላይ ያድርጉና ሞተሩን ያስነሱ። ቀስ በቀስ ወደ 0.2 ባር፣ ማለትም ወደ 3 ፒ ኤስ አይ ያምጡት። የመኪናው የጥገና መጽሐፍ ሌላ ቁጥር ከሰጠ የመጽሐፉ ይበልጣል። ሞተሩ በቀስታ ሲዞር ጥቁር ጭስ፣ የቤንዚን ሽታ ወይም ከካርቡሬተሩ ጎን እርጥበት ከታየ ግፊቱን ይቀንሱ፤ ካልቆመ መርፌዋ አርጅታለች ማለት ስለሆነ ትቀየር። ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ነዳጅ የሚያንሰው ከሆነ በትንሽ በትንሹ ይጨምሩ፤ ከ0.3 ባር ግን አይለፉ።

ጌጁን ለሙከራ ብቻ ይጠቀሙበት፤ ሲጨርሱ ያውጡት። ሞተሩ እየዞረ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጅ ይዳስሱ፤ በክብሪት ወይም በላይተር ብርሃን ፍሳሽ መፈለግ በፍጹም አይፈቀድም።

አንድ ነገር ቀድመው ይወቁ። ፓምፑ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ በካርቡሬተሩ ጎድጓዳ ውስጥ ያለውን ነዳጅ ከመፍላት አያድነውም። ገዋኔ ላይ ለምሳ አቁመው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሲመለሱ መኪናው ለመነሳት ቢያስቸግር የፈላው ቤንዚን ወደ ሞተሩ ሞልቶ ገብቷል ማለት ነው። መርገጫውን እስከ መጨረሻ ረግጠው ይዘው ያስነሱ፤ ደጋግመው አይርገጡ። በካርቡሬተሩ ሥር የሚገባው ሙቀት የማያሳልፍ ወፍራም ማረፊያ በቦታው መኖሩንም ያረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ በጥገና ወቅት ወጥቶ ይቀራል።

በአዋሽ ዳር የሚጠቀሙበት የቤንዚን የውሃ ፓምፕ ሞተር ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ነዳጅ ማጠራቀሚያው ከካርቡሬተሩ በላይ ስለሆነ ነዳጁ በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ የ30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 0.02 ባር ገደማ ብቻ ነው፣ ካርቡሬተሩም ለዚያ የተሠራ ነው። ከመኪናው የተረፈውን ፓምፕ እዚያ ላይ ለመግጠም የሚያስቡ ካሉ ሞተሩን ቤንዚን ያጠጡታል። ለእሱ ጥላ መሥራትና የማጠራቀሚያውን ክዳን ቀዳዳ ማጽዳት ይበቃዋል።

በመኪናው ላይ ከገጠሙ በኋላ የመጀመሪያውን ጉዞ ባዶውን፣ በቅርብ ርቀት ያድርጉ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ማሰሪያዎቹን እንደገና አጥብቀው የፊተኛውን ማጣሪያ ይክፈቱ። ዝገት ካገኙበት ሰልባቲዮው መውረድና መታጠብ አለበት፤ ይህም ቲማቲሙ ከመድረሱ በፊት ቢሆን ይመረጣል።